በሁለት መጻሕፍት መካከል የቀረ ታሪክ
(ስለ ጅማ ሕዝብ የ1966 ዓ.ም. ተቃውሞ የቀረበ ሒስ)

ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከኮረብታው በታች ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሂርማታ ገበያ የነበረበት፣ ኋላም ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን አዲስ ፕላን ያወጡለት የጅማ ከተማ ተዘርግቷል። ቤተ መንግሥቱን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ስለ ንጉሡ ብዙ ይጠይቃል፤ ከታች ስላለው ሕዝብ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተወልዶ ያደገው በዚያው በኮረብታው ሥር ስለ ሆነ፣ ይህ ጉድለት ዘወትር ሲያሳስበው ኖሯል። ወደ ኮሌጅ ገብቶ መጻሕፍትን ባገላበጠ ጊዜም ጉድለቱ የእንግዶች ብቻ ሳይሆን የታሪክ ጸሐፊዎችም ሆኖ አገኘው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የጅማ ሕዝብ በ1966 ዓ.ም. በጠቅላይ ገዥው ላይ ያነሣው ተቃውሞ ተገቢውን የጥናት ቦታ እንዳላገኘ ለማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝብ በአዲስ ሥርዓት፣ በአዲስ ግብር ወይም በአዲስ ንግድ ላይ ቅር ሲሰኝ «ይህ ሕዝብ ለውጥ ይጠላል» ተብሎ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። ለምርመራው ሁለት መጻሕፍትን እንደ ምስክር እንጠራለን። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም መከበር ከመመርመር አያድንም።

የመጀመሪያው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ያሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ የወጣበት ርእስ የኦሮሞ ሕዝብ የማይቀበለውን ስም የያዘ ስለ ነበረ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ሲታተም ርእሱ ታርሟል። ሉዊስ ከ1830 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነበረውን መንግሥት አስተዳደር በዝርዝር ይገልጻል። አገሩ ወደ 60 በሚጠጉ ቆሮዎች የተከፈለ እንደ ነበረ፣ የየቆሮው ገዥ አባ ቆሮ በንጉሡ የሚሾምና የሚሻር እንደ ነበረ፣ በድንበሩ ላይ ኬላዎች እንደ ነበሩ፣ ገበያውን ነጋድራስ እንደሚቈጣጠር ያስረዳል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ጅማ ከማዕከላዊው መንግሥት በፊት አስተዳደር የማያውቅ አገር አልነበረም።

ነገር ግን መጽሐፉ በ1932 እ.ኤ.አ. ማለት በ1924 ዓ.ም. ይቆማል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለንጉሥ ምኒልክ ገብረው፣ በየዓመቱ ግብር በመክፈል የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ያ ውል በ1924 ዓ.ም. ቀረና አገሩ በቀጥታ ከማዕከል በሚላክ ሹም መተዳደር ጀመረ። ለሉዊስ መንግሥቱ ሲያበቃ ታሪኩም አበቃ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። ሉዊስ ጅማ መጥቶ ያጠናው በ1950 ዓ.ም. ግድም ነው። ያ ዘመን የቡና ዋጋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፍ ካለ ወዲህ የቡና መሬት በብርቱ የተፈለገበት ዘመን ነበረ። በ1957 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የቡና ቦርድ የተቋቋመውም ቡና የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለ ሆነ ነው። አጥኚው ሽማግሌዎቹን ስለ ቀድሞው ንጉሥ ሲጠይቅ፣ ከሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ የመሬቱ ጉዳይ ይፈላ ነበረ። ያለፈውን መመዝገቡ አያስነቅፈውም፤ በፊቱ የነበረውን ለሌላ ሰው መተዉ ግን ለእኛ ለአንባቢዎች ጉዳት ሆኗል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የገብሩ ታረቀ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ሥራ ገብሩ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተነሡትን ሦስት የገበሬ ዐመፆች ያነጻጽራል፤ እነርሱም በ1943 እ.ኤ.አ. የትግራይ፣ ከ1963 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የባሌ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የጎጃም ናቸው። የጎጃሙ ዐመፅ የተቀሰቀሰው በ1960 ዓ.ም. በታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ነው። ይህ ግብር በዐሥራት ፈንታ የተተካ ሲሆን የሚሰላውም በገበሬው ምርት ግምት ነበረ። የጎጃም መሬት በቀላድ ያልተለካ ርስት ስለ ነበረ፣ ገበሬው ግምቱ የመለካት መጀመሪያ፣ መለካቱም ርስትን የማጣት መጀመሪያ መስሎ ታየው። ከዚህም ጋራ በአገረ ገዥው አስተዳደር ላይ የቈየ ቅሬታ ነበረ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ፤ በመጨረሻ ግን ገዥውን አነሣ፤ ግብሩንም ለመሰብሰብ ሳይችል ቀረ።

ገብሩ በጎጃሙ ዐመፅ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ገበሬዎቹ የተነሡት የቈየውን ይዞታቸውን ለመከላከል እንጂ ሥርዓቱን ለመለወጥ አልነበረም። በዚህ ፍርድ ውስጥ እውነት አለ። ጸሐፊው ራሱም ገበሬው በከንቱ እንዳልተነሣ በሰፊው ያስረዳል። ይሁን እንጂ ብዙ አንባቢዎች፣ በተለይም እኛ ተማሪዎች፣ ፍርዱን ከማስረጃው ለይተን እንይዝና «ጎጃሜ ወግ አጥባቂ ስለ ሆነ ግብር እንቢ አለ» ወደሚል አጭር አነጋገር እንለውጠዋለን። ይህ አነጋገር በክፍል ውስጥም በመጠጥ ቤትም ይሰማል።

አሁን ሁለቱን መጻሕፍት የሚያገናኘውን ነገር እንመልከት። በ1960 ዓ.ም. ከጎጃም የተነሡት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ሥራ አልፈቱም፤ ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጅማ ነበረ። እንግዲህ ጎጃም እንቢ ያላቸው ገዥ ጅማ ተላኩ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላም በ1966 ዓ.ም. የጅማ ከተማ ሕዝብ፣ ተማሪውና መምህሩ፣ ነጋዴውና ሠራተኛው ባንድነት ወጥቶ የእኒሁኑ ገዥ መነሣት ጠየቀ፤ ተነሡም።

ሉዊስ በ1924 ዓ.ም. ስላቆመ ይህን አላየውም። ገብሩ ደግሞ የገበሬን የመሣሪያ ዐመፅ ስለሚያጠና፣ የጅማው ተቃውሞ ግን በከተማ መንገድ ላይ የተደረገ ስለ ሆነ፣ በመጽሐፉ ምዕራፎች ውስጥ አልገባለትም። የጅማ ታሪክ በሁለቱ መካከል ቀረ። የመሬቱን ጉዳይ በተመለከተ ጉሉማ ገመዳ በጊቤ አካባቢ መሬትና እርሻ ላይ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያደረገው ምርምር ክፍተቱን በከፊል ሞልቷል። የዚያ ዓመት የከተማ ሕዝብ ግን ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል።

ይህ ክፍተት የአንድ ከተማ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎጃምና ጅማ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኖሮ «ለውጥ ጠላ» የሚለው ፍርድ በቀላሉ አይሰጥም ነበረ። ምክንያቱን እንመልከት። ጎጃሜው በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ የጅማ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ጎጃሜው ባለ ርስት ነበረ፤ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ግን ብዙ መሬት ለሹማምንትና ለባለሟሎች በስጦታ ስለ ተሰጠ፣ አራሹ ከምርቱ እየከፈለ የሚኖር ጭሰኛ ሆኖ ነበረ። ጎጃሜው እህል ያመርታል፤ ጅማ የሚኖረው በቡና ነው። ቋንቋው ይለያል፤ ወጉ ይለያል። የተቃውሞው ምክንያት ወግ አጥባቂነት ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ወጎች ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ መነሣት ባላስፈለጋቸው ነበረ። የሁለቱ አንድነት በወጋቸው ሳይሆን በደረሰባቸው የአገዛዝ ዘዴ ላይ ነው። ሹሙ ከላይ ይላካል፤ ግምቱ ከላይ ይመጣል፤ አቤቱታ የሚሰማው ግን ከታች የለም። ጎጃም ላይ ያልሠራው ዘዴ ሳይታረም ሰውዬው ብቻ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። መንግሥት ከጎጃም የተማረው ትምህርት የገዥ ማዛወር ብቻ ነበረ ማለት ይቻላል።

ጅማ ለውጥን በባሕርይዋ የምትጠላ አገር አለመሆኗን ደግሞ ሉዊስ ራሱ ይመሰክርልናል። የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበረ። ከሰሜን ጀበርቲዎች ይመጡ ነበረ፤ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ይመነዘር ነበረ፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥ ነበረ። እስልምናም ራሱ በዚያ አገር በአንድ ወቅት አዲስ ነገር ነበረ፤ ነገሥታቱና ሕዝቡ ተቀበሉት። እንዲህ ያለውን ሕዝብ በሩን የዘጋ አድርጎ ማቅረብ ከማስረጃው ጋራ አይስማማም።

የአንድ ሰው ትዝታ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ከቤታችን አንድ ነገር ላንሣ። አባቴ እኔን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ለማስገባት ባሰበ ጊዜ አያቴ አጥብቀው ተቃወሙ። አያቴ በአጋሮ በኩል ቡና ለቅመው ያደጉ፣ በ1966 ዓ.ም.ም ከሰልፈኞቹ ጋራ የወጡ ሰው ናቸው። ጎረቤቶች «ሽማግሌው ትምህርት ይጠላሉ» አሉ። አያቴ ግን ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም አልጠሉትም። የፈሩት ልጁ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ሃይማኖቱ እንዳይለወጥ ነበረ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከአያቴ ጋራ ቡና ጠጥተው፣ የዓርብ ጸሎት እንደማይከለከል በተናገሩ ጊዜ ነገሩ አለቀ። በማግስቱ እጄን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ የወሰዱኝ አያቴ ራሳቸው ናቸው። ስለ 1966 ስጠይቃቸውም ስለ ዙፋን ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አልነገሩኝም፤ የነገሩኝ ስለ ሚዛን ነው። ቡናው ሲመዘን ባለ ቡናው ሚዛኑን ማየት አይፈቀድለትም ነበረ አሉ። ይህን ቃል ስሰማ፣ የተቃውሞውን ትርጕም ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ የተረዳሁት መሰለኝ።

ሒስ አቅራቢ ግን የራሱንም ሐሳብ መመርመር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛው እንዲህ ይላል። በ1966 ዓ.ም. የተነሣችው ጅማ ብቻ አይደለችም። በዚያ ዓመት በነገሌ ወታደሮች ዐመፁ፤ በአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በሚያዝያ ወር ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በብዙ ቍጥር ሰልፍ ወጡ። ስለዚህ የጅማው ነገር የአጠቃላዩ ማዕበል ክፍል እንጂ የተለየ ቅሬታ አይደለም ይባላል። ይህ ተቃውሞ ከፊል እውነት አለው። ጅማ ብቻዋን ብትነሣ ኖሮ ምናልባት እንደ ጎጃም ጦር ይላክባት ነበረ። ነገር ግን ማዕበሉ ጊዜውን ያስረዳል እንጂ ዒላማውን አያስረዳም። ሕዝቡ በጠቅላላው ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ አልጮኸም፤ አንድ የታወቀ ገዥ እንዲነሣለት ጠየቀ። ይህን የሚያስረዳው የአገሩ የራሱ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሕዝብ እንቢ ያለው ሁሉ ትክክል ነውን? በቀድሞዋ ሂርማታ ከቡናና ከዝባድ ጋራ ሰውም ይሸጥ ነበረ። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ሕግ ሲወጣ፣ ኋላም በ1934 ዓ.ም. ፈጽሞ ሲከለከል፣ በዚህ የከበሩ ሰዎች በየአገሩ አጕረምርመዋል፤ ሕጉንም ሲሸሹ ኖረዋል። እነርሱም «ወጋችን ተነካ፣ ሀብታችን ተወሰደ» ብለዋል። የጅሬንን ቤተ መንግሥት የምናደንቅ ሁሉ ይህን መርሳት አይገባንም። እኔም የአገሬን ሰዎች ለማወደስ ስል ይህን ብሸሽግ፣ ሉዊስን የነቀፍሁበት ጉድለት በእኔው ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ «ሕዝብ ሁልጊዜ ትክክል ነው» ማለት «ሕዝብ ለውጥ ይጠላል» ከማለት የተሻለ አይደለም። ሁለቱም ከመመርመር ያሳርፋሉ። በእኔ አስተያየት በማንኛውም ተቃውሞ ላይ ከመፍረድ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መቅረብ አለባቸው። ለውጡ ሲመጣ ያጣው ማን ነው፤ ያጣውስ የራሱን ነው ወይስ የሌላውን ሰው? ወደ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት አቤት የሚልበት በር ነበረውን? የጠየቀውስ ምን እንዲደረግለት ነው? የባሪያ ባለቤቱ ያጣው የሌላውን ሰው ነፃነት ነው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የጎጃሙ ባለ ርስትና የጅማው ጭሰኛ ግን ያጡት የገዛ ድካማቸውን ነው፤ የአቤቱታውም በር ተዘግቶባቸው ነበረ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን በጅማም ላይ ይፈርዳል። የከተማው ሕዝብ የጠየቀው የገዥው መነሣት ነበረ፤ ያንን አገኘ። ሚዛኑን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወዲያው ግን መንግሥት ራሱ ትልቁ ቡና ገዢ ሆነ፤ ዋጋውንም እርሱ ይወስን ጀመር። ገበሬው በዚያ ዘመን ሰልፍ አልወጣም፤ መውጣትም አይቻልም ነበረ። ነገር ግን ቡናውን በድብቅ ሸጠ፤ ዛፉንም መንከባከብ ቀነሰ። ይህም ተቃውሞ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ግን ታሪክ ጸሐፊው በቀላሉ አያየውም።

ይኸው ነገር ወደ እኛ ዘመንም ደርሷል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና በ2001 ዓ.ም. ቡና በዚያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ሐሳቡ ገበሬው ዋጋውን እንዲያውቅና ሻጩ ገንዘቡን በቶሎ እንዲያገኝ ነበረ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ሲቀላቀል ከየትኛው ገበሬ እንደ መጣ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ጥራት ያለው ቡና የሚያዘጋጁና ከውጭ የሚገዙ ሰዎች ቅሬታ አሰሙ። ያን ጊዜም ቅሬታ አቅራቢዎቹ የድሮውን የደላላ ንግድ የሚናፍቁ ናቸው የሚሉ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል እንዲህ ያሉ መኖራቸው አይካድም። ከዓመታት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ግን ሕጉ ተሻሽሎ ከምንጩ ጋራ የተያያዘ ሽያጭ ተፈቀደ። ቅሬታው ከንቱ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ባልተሻሻለ ነበረ። ሰሚ ያገኘ ቅሬታ ሕግን እንደሚያርም፣ ሰሚ ያጣ ቅሬታ ደግሞ ገዥን እንደሚያስነሣ ከእነዚህ ሁለት ጉዳዮች መማር ይቻላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሉዊስ የጅማን መንግሥት፣ ገብሩም የገበሬን ዐመፅ በሚገባ አስተምረውናል። የጐደለው በመካከል ያለው ሕዝብ ነው። በ1966 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። ሚዛን ያዡም፣ ጭሰኛውም፣ በሰልፉ የወጣው መምህርም አንድ ባንድ እያለፉ ናቸው። የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆናችሁ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙና የጎማ ልጆች በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ ከሽማግሌዎቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የሰማችሁትን በደብተር ላይ ጻፉ። የሚያስመሰግነውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውንም ጻፉ። ጥያቄአችሁም «ለምን ለውጥ ጠላችሁ?» የሚል አይሁን፤ «ምን ተወሰደባችሁ? ለማንስ አቤት አላችሁ?» የሚል ይሁን። ይህን ካላደረግን፣ በኛ ዘመን ሕዝብ በአንድ ነገር ላይ እንቢ ባለ ጊዜ እኛም የተማርነው ሰዎች ያንኑ የቈየ ፍርድ ደግመን ከመስጠት በቀር የምንለው አይኖረንም።